ጭጋግ ሲወርድ ዝም የሚለው ሬዲዮ

ባለፈው ሳምንት የጌታሁንን ትንሽ ሬዲዮ በነጠላዬ ጠቅልዬ ከቤት ወጣሁ። ጌታሁን ባለቤቴ ነው፤ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ሬዲዮዋ ከአልጋው ራስጌ የማትለይ ነበረች። ከእሱ ወዲህ ነክቻት አላውቅም። ያን ዕለት ጠዋት ግን የቤቱ ጸጥታ ከበደኝና ብከፍታት፣ እሷም ዝም አለች።

ከገበያው ዳር ስልክ የምትጠግን ሜሮን የምትባል ልጅ አለች። ሱቋ ከአንድ ቁም ሣጥን አይበልጥም። ሬዲዮዋን አገላብጣ አየቻትና ሳቀች።

«እማማ፣ ይቺ እኮ ሙዚየም የምትገባ ናት!»

«እኔም ልገባ ምንም አልቀረኝ። ክፈቻት እስቲ» አልኋት።

ከፈተቻት። ከቦታዋ የተነቀለች አንዲት ቀጭን ሽቦ አገኘች። የጋለውን የመበየጃ ብረት ስታስነካት ክር የምታህል ጭስ ብቅ ብላ ወደ ፊቴ መጣች። ለማያውቀው ሰው ምንም አይደለም፤ የተቃጠለ የጥድ ሙጫ ሽታ ነው። እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዚያ ሽታ ጋር ኖሬአለሁ። በባሌ ኮሌታ ላይ፣ በጣቶቹ መካከል፣ ዝናብ ሲያርሰው ደግሞ በፀጉሩ ውስጥ ነበር። ከሞተ በኋላ ልብሱን ሁሉ ለነዳያን ሰጠን፤ ሽታውን የት እንደማገኘው ሳስብ ከርሜ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ጠረጴዛውን ያዝሁ።

ልጅቷ እንዳታይብኝ ብዬ፣ «አታጥቢውም?» አልኋት።

«ምኑን?»

«ሙጫውን። ከብየዳው ዙሪያ የቀረውን።»

«አይ እማማ፣ የአሁኑ ሙጫ አይታጠብም። ቢቀርም አይጎዳም፣ እንደዚያ ተደርጎ ነው የሚሠራው።»

«የሠሩት ሰዎች የባሕር ዳርን ክረምት አይተውታል?»

ደግሞ ሳቀች። ግን ቅር እንዳይለኝ ብላ ነው መሰለኝ፣ ትንሽ አልኮል በብሩሽ አስነክታ ዙሪያውን አጠበችልኝ። ከዚያም፣ «እርስዎ ይሄን ከየት አወቁት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ረጅም ነው» አልኋትና ወጣሁ። ረጅም ስለሆነ ነው እዚህ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የቴክኒክ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ጥገና ክፍል ተቀጠርሁ። አባቴ በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ፤ ሥራዬን ስነግራቸው ብዙ አሰቡና፣ «እኛ ድምፅ የምናቀናው በመቋሚያ ነው፤ አንቺ በጋለ ብረት ልታቀኚ ነው?» አሉኝ። ሲቀልዱ ይሁን ሲያዝኑ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጥገና ክፍሉ በግቢው ጀርባ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ በምልክት ነበር የምንግባባው። አምስት ወንዶችና እኔ ነበርን። ኃላፊያችን አቶ ክንፈ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ እርሳሳቸውን እንኳ በክር አስረው ነው የሚይዙት። ጌታሁን በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ከድሬዳዋ ነው የመጣው። የኛ ክረምት ነገረ ሥራው ሁሉ ግራ ነበር የሚሆንበት። «እዚህ አገር ካልሲ የሚደርቀው ለመስቀል ነው» ይል ነበር። እኔን በስሜ አይጠራኝም፤ «የመሪጌታ ልጅ» ነው የሚለኝ። የቀሩት ሦስቱ፣ «እሷን የወጥ ጨው ጠይቋት እንጂ ስለ ሽቦ ምን ታውቃለች» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እየሳቅሁ አልፋለሁ፤ ግን ውስጤ ይቆጥረው ነበር።

ብየዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የበርና የመስኮት ብየዳ ነው። የእኛ ሌላ ነው። ቶሎ የሚቀልጥ የእርሳስ ሽቦ አለ፤ በጋለ ብረት እናቀልጠውና የዕቃውን እግር ከሬዲዮው ቦርድ መዳብ ጋር እናያይዝበታለን። መዳቡ ከቆሸሸ ግን እርሳሱ አይይዝም፤ ጎመን ቅጠል ላይ እንደ ወደቀ ውሃ ተንከባልሎ ይወርዳል። ያን ቆሻሻ የሚያነሣው ሙጫ ነው። ያለ ሙጫ ብየዳ የለም።

በሐምሌ መጀመሪያ አቶ ክንፈ ጠሩኝና አንድ የመገናኛ ሬዲዮ ፊቴ አስቀመጡ። ከሐይቁ ማዶ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ ነው። ጣራው አፍስሶበት ውስጡ ጠቁሯል። «ይሄን ብቻሽን ትሠሪዋለሽ» አሉኝ። «ጀልባው ነገ ጠዋት ነው የሚሄደው።»

ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስቱ ወንዶች እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ተቀመጥሁ። መዳቡ እንደ ምድጃ ድንጋይ ጠቁሯል። በመጋዘን የነበረው ሙጫ ያለቀ ሲሆን፣ በእርሳሱ ሽቦ ውስጥ ያለው ደግሞ ለዚያ ጥቁረት አልበቃም። ብሞክረው፣ ብሞክረው፣ እርሳሱ ይንከባለላል። እስከ ምሳ ድረስ አንዲት እግር እንኳ አልያዘልኝም።

በሰፈራችን አያ ደጉ የሚባሉ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። ባልዲና አሸንዳ ይሠራሉ። የሚሠሩበትን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ በራቸው ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይሰብሩና የውጪውን ቅርፊት አሲድ ውስጥ ይጨምሩታል፤ እየፈላ ይሟሟል። ያን ውሃ በዶሮ ላባ ቆርቆሮው ላይ ቀባ ሲያደርጉት የማይይዝ እርሳስ የለም። በምሳ ሰዓት ጭቃውን እየዘለልሁ ወደ እሳቸው ሮጥሁ።

«አያ ደጉ፣ ከዚያ ውሃ ትንሽ ይስጡኝ።»

«ምነው፣ ባልዲ ልትደፍኚ ነው?»

«ሬዲዮ ልሠራበት ነው።»

«ሬዲዮም እንደ ባልዲ ያፈሳል እንዴ?» ብለው ሳቁና በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ቀዱልኝ። አንዲት ነጭ ላባም ጨመሩልኝ። ስወጣ ግን ከኋላዬ፣ «ስሚ! ይሄ ነገር ይበላል። ባልዲን ውሃ ያጥበዋል፤ ሬዲዮሽን ማን ሊያጥበው ነው?» አሉኝ።

«አጥበዋለሁ» አልኋቸው። በውሃ አላጠብሁትም። ሬዲዮ በውሃ ይታጠባል ብሎ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። በደረቅ ጨርቅ ወለወልሁት።

እርሳሱ እንዴት እንደ ፈሰሰ! በላባ ነካ ሳደርገው እንደ ብር እያበራ መዳቡ ላይ ተኛ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስሁ። ሬዲዮው ተከፈተ፣ ከጎርጎራ በኩል የሚያወራ ሰው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሦስቱ ወንዶች ምንም አላሉም፤ ለእኔ ከጭብጨባ ይበልጥ ነበር። ጌታሁን መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየው።

«የመሪጌታ ልጅ፣ እንዲህ የሚያበራ ብየዳ እኔም ሠርቼ አላውቅ። ምን ተጠቅመሽ ነው?»

«እጄን» አልሁት። ብልቃጡ በኪሴ ነበር።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ ጠዋት ጠዋት ቆም ሲል ከሐይቁ ላይ ጭጋግ ይነሣና የከተማውን ዘንባባ እስከ ወገቡ ይውጠዋል። በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ከማዶ ያለው ጤና ረዳት ሬዲዮውን በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ። አቶ ውባለም ይባላሉ፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ቦት ጫማቸው ከእግራቸው የሚሰፋ ሰው ናቸው።

የመጡት ከስሰው አልነበረም፤ ተከስሰው ነው። በየጤና ጣቢያው ያለ ሰው በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተማውን በሬዲዮ ማግኘትና ጀልባ የሚያስፈልገው በሽተኛ ካለ መናገር አለበት። የአቶ ውባለም ጣቢያ ጠዋት ጠዋት ድምፁ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥርት ብሎ ይሰማል። አለቆቻቸው፣ «ሰውየው አረቄ ይጠጣና ጠዋት ይተኛል፤ ከሰዓት ሲነቃ ሬዲዮው ተበላሽቶ ነበር ይላል» አሉ። በመጨረሻ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ጀልባ የሚጠራላት ጠፍቶ በታንኳ ግማሽ ቀን ተጓዘች። እናትም ልጅም ተረፉ፤ ለአቶ ውባለም ግን ደብዳቤ ደረሳቸው። የሬዲዮው ጉዳይ ተመርምሮ ብልሽት ከሌለበት ከሥራ ይሰናበታሉ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ከፈትነው። ተናገረ። እንደ ደወል ጥርት ያለ ነው።

አቶ ውባለም ሬዲዮውን ትክ ብለው አዩት። «እኔ ጋ ሲሆን ዲዳ፣ እናንተ ጋ ሲመጣ መሪጌታ!» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ክፈቺና ውስጡን እዪው» አሉኝ አቶ ክንፈ። ክዳኑን ፈታሁ። ቦርዱን ገለበጥሁ። ከሚያበሩት ብየዳዎቼ ሥር፣ ሁለት ቦታ ላይ፣ እንደ ሻገተ ዳቦ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። በመካከላቸው ደግሞ የሚያጣብቅ፣ ወዛም ነገር አለ። የአያ ደጉ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። የቀረው አሲድ ጠዋት የጭጋጉን እርጥበት ይጠጣል፤ ሲርስ ኤሌክትሪኩ በማይሄድበት ይሄዳል፤ ፀሐይ ስታደርቀው ሬዲዮው ይድናል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«ምን አየሽ?»

«ምንም» አልሁ። ክዳኑን ገጠምሁ።

አቶ ክንፈ ወረቀቱን አወጡ። «ሬዲዮው ምንም ብልሽት የለበትም» ይላል። የጠገነው ይፈርማል፣ የመረመረው ይፈርማል፣ ኃላፊው ፈርሞ ይልከዋል። እኔ ፈረምሁ። ለመርማሪው ለጌታሁን ሰጠሁት። አየው፣ አጠፈውና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ነገ እፈርማለሁ» አለ።

በማግሥቱም «ነገ» አለ።

አቶ ውባለም ወረቀቱን ይዘው መመለስ ስለነበረባቸው በየቀኑ እየመጡ ከጣራው ጠፈፍ ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከቤታቸው በሶ ይዘው መጥተዋል። በጾም መፍቻ ሰዓት በውሃ በጥብጠው ለእኔም ያቀርቡልኛል። እንቢ ማለት አልቻልሁም። የዚያ በሶ ጣዕም አሁንም ምላሴ ላይ አለ፤ በደንብ የታመሰ ገብስ፣ ጨው የበዛበት።

«ብይ እንጂ ልጄ። ፊትሽ ጾሙን አልቻለውም» ይሉኛል። ከዚያ ደግሞ፣ «አንቺ ነሽ አሉ የጠገንሽው። እግዜር ይስጥሽ። ከሰዓት ከሰዓት እንዴት ያለ ድምፅ አለው መሰለሽ!»

አመሰገኑኝ። ሊያስባርራቸው የፈረመችውን እጅ አመሰገኑ።

በነዚያ ቀናት ከሥራ ስንወጣ ጌታሁን ብስክሌቱን እየገፋ አብሮኝ ይሄድ ጀመር። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። በዘንባባው መንገድ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር፣ ደንገል የጫኑ ታንኳዎች የሚቆሙበት ድረስ። «እንዴት ዋልሽ?» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። እኔ ነኝ የማወራው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እሸት በቆሎው፣ ስለ አባቴ ጉልበት። አላቋረጠኝም። እንደ ዓሣ አጥማጅ ዝም ብሎ ይራመዳል።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት እሸት በቆሎ ስትጠብስ ደረስን። ሁለት ገዛ። የእኔን በእጄ ይዤ ቀረሁ፤ መንከስ አቃተኝ።

«ጌታሁን።»

«ወይ።»

«ሬዲዮው ውስጥ አረንጓዴ በቅሏል።»

ብስክሌቱን አቆመ። «አሲድ ነው?»

«አሲድ ነው።»

«በላባ?»

«በላባ። ባልዲ በሚደፍኑበት። ስትጠይቀኝ እጄን ነው አልሁህ።» እንባዬ በቆሎው ላይ ይወርዳል።

አላባበለኝም። «ነገ ጠዋት ለአቶ ክንፈ ትነግሪያቸዋለሽ፤ እኔ ማንቆርቆሪያ አመጣለሁ» አለ። በቆሎውን ነከሰና፣ «ብይው፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

በማግሥቱ ስነግራቸው አቶ ክንፈ ፊታቸው ደም መሰለ። «ፈርመሽ የለም እንዴ አንቺ?»

«ፈርሜአለሁ። የፈረምሁት ውሸት ነው።»

ከዚያ የሆነውን ማንም አይረሳውም። ጌታሁን ማንቆርቆሪያውን ጣደና ሲፈላ እንፋሎቱን ወደ ሬዲዮው አዞረው። ሬዲዮው መጀመሪያ ጥርት ብሎ ይናገር ነበር። ከዚያ ድምፁ ጎረነነ። ከዚያ እንደሚጠበስ ነገር ተንጫጫ። ከዚያ ዝም አለ።  አቶ ውባለም ከአግዳሚው ብድግ ብለው፣ «አያችሁ! አያችሁልኝ!» እያሉ የሁሉንም እጅ ይጨብጣሉ።

ጌታሁን ሲያስተምረኝ በሰው ሁሉ ፊት ነበር። ቦርዱን አውጥቶ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በየብየዳው ሥር ቀስ እያለ አጠበው። ከዚያ ከኪሱ ዳግም አረቄ የሚባለውን አወጣ፤ ሁለት ጊዜ የወጣው፣ እሳት የሚይዘው ነው። ውሃውን ያወጣዋል ብሎ በአረቄ ደገመው። አረንጓዴው የበላውን መዳብ በሽቦ ቀጠልሁ እኔ፤ እሱ ሥራውን ከእጄ አልወሰደም። ፀሐይ ብቅ ስትል ቆርቆሮው ላይ አሰጣነው። ደርቆ፣ ተገጥሞ፣ እንደገና እንፋሎት ተነፋበት። አላቋረጠም፤ ይናገራል።

«ተመልከቱ» አሉ አቶ ውባለም፣ «በአረቄ ታማሁ፣ በአረቄ ነጻሁ።» ሳቁ ከቆርቆሮው በላይ ወጣ።

አዲሱን ወረቀት ሦስታችንም ፈረምን። እኔ ስድስት ወር ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ መጋዘን ገባሁ። ቅጣቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። አቶ ውባለም ሬዲዮውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ሲሄዱ መጋዘኑ በር ላይ ቆም አሉ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ሦስት ቀን አብረን በሶ በላን እኮ፣ ልጄ» አሉኝና ሄዱ።

እኔና ጌታሁን በሁለተኛው ዓመት ተጋባን። ከሠርጉ በኋላ በአንዱ ክረምት፣ ቦርድ ሲያጥብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ «ያኔ መቼ ነው ያወቅኸው?» አልሁት።

«ክዳኑን ስትገጥሚ። እጅሽ ቸኮለ። በምሳ ሰዓት ስትወጪ ከፍቼ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ነገሩ ያንቺ ነበራ። እስክታመጪው ጠበቅሁ።»

«ባላመጣውስ?»

ብሩሹን አስቀመጠ። «ሰውየውንማ አላስባርረውም ነበር። በአራተኛው ቀን እናገራለሁ። አንቺን ግን አላገባሽም ነበር» አለ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ግን የምሩን እንደ ነበር አውቃለሁ።

አብሮ መኖር ብዙ ነገር ያስተምራል። የእሱ ዝምታ ዓይነት ዓይነት ነበረው። የድካም አለ፣ የቁጣ አለ፣ የሚሠራውን ነገር ሲያስብ የሚለው አለ። ያን የመጠበቅ ዝምታውን ግን ከሁሉም ለይቼ አውቀዋለሁ። ልጆቻችንም አውቀውት አደጉ፤ ያጠፉ ቀን፣ «አባዬ ዛሬ ዝም ብሏል» እያሉ ወደ እኔ ይሮጡ ነበር።

አምና በክረምቱ መጨረሻ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። በአገራችን ክፉው ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፤ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው። ነገረኝ። ስመለስ ጌታሁን ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር።

«ምን አለሽ?»

«እረፍት ያድርግ፣ ይሻለዋል አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«እሺ» አለ። ከዚያ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል ኖረ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ የሚታይበት በረንዳ ላይ ወንበር አወጣለታለሁ፤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። እኔ አወራለሁ። ውሃውን ስለ ወረረው እምቦጭ፣ ስለ ልጆቹ፣ መስከረም ላይ ስለ ዘገየችው ፀሐይ። አላቋረጠኝም። አንድ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት። ለእሱ የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር።

ለቅሶ የመጡት ሁሉ፣ «ደግ አደረግሽ፣ ሳይጨነቅ ሄደ» አሉኝ። ዛሬም የሚሉኝ አሉ። ደግ አደረግሁ ይሆናል፤ አላውቅም። አብሬው ላለቅስ፣ የቀረውን ጊዜ አብሬው ልቆጥር፣ «ከአንተ ወዲያ እንዴት እሆናለሁ?» ብዬ ልጠይቀው የምችልበት ብዙ ጠዋት ነበረኝ። ለዚያች ጥያቄ መልስ የነበረው እሱ ብቻ ነው። አሁን ጥያቄዋን ይዤ ብቻዬን ቀርቻለሁ፤ ምግብ ስሠራም፣ ስተኛም አብራኝ ናት።

በወጣትነቴ በሦስተኛው ቀን ደረስሁ። በእርጅናዬ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ስለ ፀሐይ አወራሁ። እሱ ግን ያውቅ ነበር፤ እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ድረስ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።